ማርሚታ ሳይከፈት አይጣልም

የምክትል ርዕሰ መምህሩ መኪና በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ ሰልፍ ላይ የነበረው ተማሪ ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ዞር ብሎ ያላየ ሰው የድንጋይ ወፍጮ ገባ ሊል ይችላል። ከኋላ ረድፍ አንዱ ቀልደኛ «አውሮፕላኑ አረፈ» አለ፤ ሳቁ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሰልፉን በሙሉ አዳረሰው።

ጉንዳን ብቻ አልሳቀችም። ድምፁን ታውቀዋለች። ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ የሞተሩን ጩኸት የሚውጠው ማርሚታ ተቀዷል ማለት ነው። ያንን ማርሚታ የበየደችው እናቷ ናት። ሲበየድ መብራት ይዛ የቆመችው ደግሞ እሷው ራሷ።

ጉንዳን ያለቻትም እናቷ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ የነከሰችውን ግን አትለቅም። ስሙ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት የገባው አብራት በምትቀመጠው ጓደኛዋ ምክንያት ነው፤ እሷ ደግሞ እንኳን ስም፣ የፈተና ውጤት እንኳ ሆዷ ውስጥ አያድርም።

ምክትሉ ሳቅ ሰምቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ደረጃውን ወጣና ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ሳቁ፤ ግን በማን እንደምትስቁ እወቁ» አለ። «ይህን ማርሚታ የሠራችው እዚህ መካከላችሁ የቆመች የአንዲት ተማሪ እናት ናት። አምስት ዓመት ይቆያል ብላኝ ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላው። ሳይማሩ ባለሙያ ነኝ ማለት መጨረሻው ይህ ነው። እናንተ ግን ተማሩ።»

ስም አልጠራም። ምን ስም ያስፈልጋል? በዚያ ግቢ ውስጥ በያጅ እናት ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ዓይን ሁሉ ወደ ጉንዳን ዞረ፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ዋጥ አድርጊያት» አለች ጓደኛዋ በሹክሹክታ። «ዘንድሮ ፈተና አለብን። ከሱ ጋር ምን አጋፋሽ?»

ዋጥ ልታደርጋት ሞከረች። ሦስት ክፍለ ጊዜ ያህል ያዘቻትና በእረፍት ሰዓት የተማሪዎች ሚኒባስ ሹፌር አጥሩ ጋ ጠራት። ደግ ሰው ነው፤ መሬት መሬት እያየ ነበር የሚያወራው። የሚኒባሶቹን ጭስ ማውጫ ከእንግዲህ ሌላ ጋራዥ አሠራ ተብያለሁ፣ ለእናትሽ ንገሪልኝ፣ እኔ ግን በሥራዋ ቅር ተሰኝቼ አላውቅም አላት። ጉንዳን እሺ አለችው። ያቺን ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ልትውጣት አልቻለችም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምክትሉ መኪና እናቷ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ባለቤቱ ራሷ ያበላሸችውን ራሷ ታስተካክለው፣ ለነገ አዲስ ማርሚታ ትግጠምልኝ ብሎ ቁልፉን ሰጥቶ ሄዷል። እናቷ ቱታዋን ለብሳ፣ ላሜራ ላይ ጎንበስ ብላ ልኬት ትወስዳለች። አሮጌው ማርሚታ ቁርጥራጭ ብረት የሚጣልበት ጥግ ተወርውሮ ነበር፤ እንዳለ፣ ሙሉውን።

ጉንዳን ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቆማ ቀረች። በዚህ ቤት ማርሚታ ሳይከፈት አይጣልም። እናቷ የወለቀውን ሁሉ ለሁለት ሰንጥቃ ምን እንደገደለው ታያለች፤ ደንበኛውንም ጠርታ ታሳያለች። ይህን ልማዷን እንኳን ልጇ፣ ሠፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

«ለምን አልከፈትሽውም?»

«ጊዜ የለኝም። ለነገ ነው የፈለገው።»

«በማይክሮፎን ምን እንዳለ ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ሹፌሩ አላስቻለው ብሎ ራሱ ደውሎላታል። እናቷ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ነገ ሲመጣ ይቅርታ እንደምትጠይቀው፣ አዲሱንም በነጻ እንደምትገጥምለት ተናገረች። ጉንዳን ገና ስንት ዓመት እዚያ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ከሰውየው ጋር ዓይንና ናጫ መሆን ለማን ይበጃል? «ዝም አይነቅዝም፣ የኔ እናት» አለቻት።

ጉንዳንን ከማይክሮፎኑ ይልቅ ይህ አመማት። ከከባድ መኪና ሹፌሮች ጋር ግማሽ ቀን ስትሟገት ውላ የምትረታ ሴት ለዚህ ሰው አንገቷን ልትደፋ ነው። የምትደፋውም ለእሷ ብላ ነው።

«አምስት ዓመት ስትይው እኔ ነበርኩ» አለች። «ሌላም ነገር ብለሽዋል።»

ብላዋለች። አምስት ዓመት ረጅም መንገድ ለሚሄድ መኪና ነው። ከጭሱ ጋር ውኃ ይወጣል፤ ቱቦው በደንብ ከጋለ ውኃው ተንኖ ይሄዳል። ምክትሉ ግን ከቤቱ ትምህርት ቤት ሰባት ደቂቃ ነው የሚነዳው። ብረቱ ሳይሞቅ ይደርሳል፤ ውኃው ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። እንዲህ ላለው ሰው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዓመት ነው ብላው ነበር። ለዚያውም እናቷ ከማርሚታው ታችኛው ቦታ ላይ ውኃው የሚንጠባጠብባት የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ስለምትበሳ ነው።

«ስለዚህ ሦስት መሆን ነበረበት። ሁለት እንኳ ያልሞላው ለምንድን ነው?»

እናቷ ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀች።

«ስፌቱ ቢሆንስ?» አለች በመጨረሻ። «ያን ሰሞን ዓይኔን ያመኝ ነበር። ሳላውቀው በደንብ ያልተበየደ ስፌት ትቼ ቢሆንስ? ከፍቼ ካየሁት በኋላ እንዴት አድርጌ ሌላ እበይዳለሁ?»

ጉንዳን እንዲህ ያለ ነገር ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። እሷም ፈራች። ማርሚታው ተከፍቶ ጥፋቱ የእናቷ ቢሆን ምክትሉ እውነት ተናግሯል ማለት ነው። ባይከፈት ግን ሰው ሁሉ የሰማውን እንዳመነ ይቀራል፤ እናቷም በየሌቱ ስለዚያ ስፌት ታስባለች።

«ዝም ይነቅዛል፣ እማ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፤ የታፈነ ነገር ከውስጥ ነው የሚበላው።»

መነጽሩን አጠለቀች፣ ጓንቱን አደረገች፣ ማርሚታውን ጎትታ ማሰሪያው ላይ አጠበቀችውና ብረት መቁረጫውን ግራይንደር አስነሣች። እናቷ አልከለከለቻትም። አልረዳቻትምም፤ በተከፈተው በር በኩል መንገዱን ታይ ነበር። ብልጭታው እስኪያልቅ ድረስ ዞር አላለችም።

ብረቱ ለሁለት ሲከፈል ቡናማ ጭቃ መሬቱ ላይ ተደፋ። ጉንዳን በጨርቅ ጠርጋ ስፌቱን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። አንድም ቦታ አልላላም፤ ላሜራው ተበልቶ እንደ ወንፊት ሲሆን ስፌቱ ብቻ ድርቅ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ቀዳዳዋን ፈለገች። አጣቻት። በቀዳዳዋ ቦታ የጎማ ቀለበት ያለው ብሎን ጥብቅ ተደርጎ ገብቷል፤ ከውጭ በኩል እንዳይታይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

«ነይ እይው» አለች።

እናቷ አጎንብሳ የብሎኑን ቀለም በጥፍሯ ፋቀች። ከዚያ ትዝ አላት። ማርሚታው በተገጠመ በሳምንቱ ምክትሉ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ውኃ ይንጠባጠባል፣ በሲሚንቶ ያስለሰንኩትን ግቢዬን አበላሸው ብሎ ነበር። ይንጠባጠብ፣ ጤናው ነው፣ ቀዳዳዋን እንዳትነካት ብላው ሸኝታዋለች። መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ እሺ ያለ መስሏት ነበር።

መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ እንባ ሆነ። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ፣ ይበቃል፣ አወቅነው እኮ፣ ነገ መኪናውን ሲወስድ ለብቻው እነግረዋለሁ አለች።

«እሱ ለብቻሽ ነው የነገረሽ?»

«ጉንዳን» አለች እናቷ። ከዚያ ተነሥታ ወደ አዲሱ ላሜራ ተመለሰች።

ጠዋት ጉንዳን የማርሚታውን ግማሽ ልትወስድ ወደ ጋራዡ ስትገባ በጆንያ ተጠቅልሎ አገኘችው። ፈትታ አየችው። ትናንት የቆረጠችው ስለታም ጠርዝ ሁሉ በሞረድ ተሞርዷል፤ እጅ እንዳይቆርጥ። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ አዲሱን ማርሚታ ትገጥም ነበር። ጉንዳን ጆንያውን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ ወጣች። ከባድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር አሳረፈችው።

ምክትሉ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ብረቱን ከጆንያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ለሰልፍ ካዘጋጀው ወረቀት አጠገብ አስቀመጠችው። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ብሎኑን አየና ወደ ብረቱ ጎንበስ አለ።

ጉንዳን ስለ ሰባት ደቂቃው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ቀዳዳዋ ነገረችው። ምክትሉ ብሎኑን በጣቱ ነካው።

«ሲሚንቶው እየቆሸሸ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ወዲያው ደግሞ ልብሱን አስተካክሎ ተቀመጠ። «መልካም። ለእናትሽ እኔው ራሴ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። የሚኒባሶቹም ሥራ ይመለስላታል። አሁን ይህን እዚሁ ተዪውና ወደ ሰልፍሽ ሂጂ።»

ከጠበቀችው በላይ ነበር። ጓደኛዋ ብትሆን «በቃ፣ ተቀበዪና ውጪ» ትላታለች። እናቷም ሳትል አትቀርም። ጉንዳን ብረቱን አየችው፤ እዚህ ከቀረ የት እንደሚደርስ መገመት አያቅታትም።

«መምህር፣ እናቴን በስልክ አልነበረም የሰደቧት።»

«ይህ ድፍረት ነው።»

«ይሁን፣ መምህር።»

የሰልፍ ደወል ተደወለ። ጉንዳን ብረቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። በጆንያ አልሸፈነችውም፤ እንደታቀፈችው ወጥታ አጭር ስለሆነች ሁልጊዜ በምትቆምበት በመጀመሪያው ረድፍ ቆመች። ብረቱን እግሯ ሥር አስቀምጣ ብሎኑ ያለበትን ጎን ወደ ደረጃው አዞረችው። ጓደኛዋ «ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቃት «ትሰሚያለሽ» አለቻት።

ምክትሉ ደረጃውን ወጣ። ማይክሮፎኑን ያዘና የያዘውን ወረቀት አየ፤ ከዚያ ብረቱን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን። ጉንዳን አገጯን ቀና አድርጋ ጠበቀች። ዛሬ ካልተናገረ ነገም ይዛው ትመጣለች።