ሽቦ የሌለው ጠባሳ

ልብስ ሰፊው በስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሞቶ ተገኘ። ከመርፌው ሥር አንድ ሙሉ እጅጌና አንድ ጅምር እጅጌ ያለው ጥቁር ኮት ነበር። ታላቅ እህቱ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት ትንሽ ሪሞት በጡጫዋ ጨብጣ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። ፖሊሶቹም እንዲህ የተመቸ ጉዳይ ከየት ይመጣል ብለው ካቴናቸውን አውጥተዋል።

ማግኔት የደረሰችው ያኔ ነው። መርማሪዋን ባልደረቦቿ እንዲህ የሚጠሯት የተደበቀ ነገር ሁሉ እየሾለከ ወደ እሷ ስለሚመጣ ነው። በዚህች ምድር ላይ ከእሷ የበለጠ መርማሪ ተወልዶ ከሆነ እስካሁን ከእናቱ ጓዳ አልወጣም። ትክ ብላ ያየችው ግድግዳ እንኳ ይናዘዛል።

«ያን ብረት መልሱ!» ስትል መስኮቱ ተንቀጫቀጨ። «እያለቀሰ የተናገረን ሁሉ የምታስሩ ከሆነ፣ ቀብር ሂዱና ለቀስተኛውን በሙሉ ልቀሙ!»

ከእህትየው ጎን ቁጢጥ አለች። «ንገሪኝ እህቴ።»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መርፌ መያዝ አቅቶት። ከዓመታት በፊት ዶክተሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ቀበሩለት፣ ደረቱ ውስጥ ደግሞ ባትሪ። ዳነልኝ! ዘንድሮ ግን መንቀጥቀጡ ተመለሰበት። ‹ባትሪው ደክሟል› ብለው በቅርቡ ቀየሩለት። ‹ቁስሉ ሲደርቅ በዚህች ሪሞት ቤት አብሪለት› አሉኝ። ዛሬ ጠዋት አበራሁት። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ተንፈራገጠ…» ጡጫዋን አየች። «ያሳደግኩት ልጅ ነው።»

«ከባትሪው ወዲህ ሌላ ያስቸገረው ነገር ነበር?»

«የለም። ብቻ ኮፍያ አላወልቅም አለ። ራሱን ላጥበው ስል ‹ያቃጥለኛል፣ ተይኝ› አለኝ።»

ማግኔት የሟቹን ኮፍያ ቀና አድርጋ አየችና መልሳ አስተካከለችለት።

«ኮቱ የማነው?»

«የዶክተሩ። ትልቅ ጉባኤ ላይ ሊለብሱት ነው። ወንድሜንም መድረክ ላይ ይዘውት ሊወጡ ነበር፤ ‹ይሄው፣ በዚህ እጅ የተሰፋ› ሊሉ።»

ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። የመሣሪያዎቹን ኢንጂነር ጥፍሩን እየበላ አገኘችው።

«ሪሞቱ ማብራትና ማጥፋት እንጂ ጉልበት መጨመር አይችልም» አላት። «ጉልበቱን በኮምፒውተር የምቀይረው እኔ ነኝ። በየጊዜው እየጨመርኩ ነው የመጣሁት።»

«ለምን?»

«አንጎል እንግዳ አይወድማ! ሽቦ ሲገባበት፣ ዶማ የያዘ መዳፍ እንደሚደነድነው፣ ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ቅርብ ያሉት ነርቮችም ይሞታሉ። አጥሩ በወፈረ ቁጥር ኤሌክትሪኩን ማጠንከር ነው። ከግድግዳ ጀርባ ላለ ሰው እንደ መጮህ በዪው።»

«አዲሱ ባትሪ ላይስ?»

«ዶክተር ‹የድሮውን ልክ ጫን› አሉኝ፣ ጫንኩ። ስለ ጠባሳው ነግሬያቸው ነበር፤ ‹የእኔ ሽቦ ጠባሳ አያበቅልም፣ አፍህን ዝጋ› አሉኝ።»

በዶክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ዶክተሩ ራሱ በሠላሳ ፎቶ ፈገግ ይላል። ትሕትና በዚያ በር አልፋ ከሆነ፣ በስህተት ነው።

«ደረቱን እንጂ ጭንቅላቱን አልነካሁም» አለ። «እህትየዋ ጉልበቱን አብዝታበት ይሆናል። ያልተማረ እጅ ምን ይደረጋል!»

«ሽቦዎ ጠባሳ አያወጣም አሉ?»

«በዓለም ብቸኛው!»

«እሺ ዶክተር። ማምሻውን ልብስ ስፌት ቤቱ እንገናኝ፤ ኮትዎም እዚያው ነው።»

በተሰቀሉት ጅምር ልብሶች መሀል አራት ሰዎች ተቀመጡ፤ እህትየው፣ ኢንጂነሩ፣ ዶክተሩ፣ እና የምርመራ ናሙና የያዘ የፕላስቲክ ዕቃ በጉልበታቸው ያስቀመጡት፣ አስከሬኑን የመረመሩት ሽማግሌ ሐኪም። ፖሊሶቹ በሩ ላይ ቆሙ። ማግኔትም አልተቀመጠችም። የተቆጣች ጊዜ ወንበር አይችላትም።

«ባትሪው ያለው ደረት ውስጥ ነው» አለች። «ታዲያ ደረት ሊቀደድ ጭንቅላት የሚላጨው የት አገር ነው? ከኮፍያው ሥር ያየሁት ገና የበቀለ ፀጉርና አዲስ ስፌት ነው። ጋሼ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ምን አገኙ?»

«ጠባሳ» አሉ ሽማግሌው። «ወፍራም፣ እንደ ቱቦ ክብ። ውስጡ ግን ባዶ። ሽቦው ከአጠገቡ ነው፤ ዙሪያው ጠባሳ የሚባል ያልነካው ጤነኛ አንጎል።»

«ሽቦው በእግሩ ሄደ?» ማግኔት ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ጠባሳ የማያበቅለው ሽቦዎ አበቀለ። የሰውየው እጅ ደግሞ ጉባኤው ሳይደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በባትሪ ስም ሰውየውን ክሊኒክ አስገብተው ሽቦውን አዲስ ቦታ ተከሉት። ወፍራም አጥር እንዲያልፍ የተሰላው ኤሌክትሪክ፣ አጥር በሌለበት በሙሉ ጉልበቱ ገባ።»

«ነገሩ ውስብስብ ነው፤ አንቺ አይገባሽም።»

«እስካሁን እርስዎ ያልኩህ ለነጩ ጋወን ነበር!» ጠረጴዛውን ስትመታው መርፌዎቹ ሁሉ ከሳጥናቸው ዘለሉ። «ኢንጂነሩን ጉልበቱን ቀንስ ብትለው ‹ለምን?› ይልህ ነበር። ውሸትህ እንዳይገለጥ ዝም አልክ። ክሊኒክ ብታበራው ደግሞ እጅህ ላይ ይወድቅብሃል። ስለዚህ ጣት ተዋስክ። የእህቱን ጣት!»

«ይሞታል አላልኩም!» ዶክተሩ ብድግ አለ። «ቢበዛ አንዘፍዝፎ ይለቀዋል ብዬ…»

አፉን ዘጋ። ዘግይቷል።

«እንደሚያንዘፈዝፈው ታውቅ ነበር» አለች ማግኔት፣ አሁን ቀስ ብላ። «እያወቅክ ሪሞቱን ሰጠሃት።» ለፖሊሶቹ በአገጯ ጠቆመች። ጠዋት የተመለሰው ካቴና ወጣ።

እህትየው ከጠዋት ጀምሮ ያልተፈታ ጡጫዋን ፈታች። ሪሞቱን ለማግኔት ሰጠች። ከዚያ ኮቱን ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር አውጥታ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ የዶክተሩ ትከሻ ላይ ጣለችው።

«ያለቀውን እጅጌ እየው» አለችው። «ስፌቱ ይንሻፈፋል። እጁ እየተንቀጠቀጠ የሰፋልህ ነው። ለብሰኸው ዳኛው ፊት ቁም።»