ያለ እሳት የፈላው ምንጭ

የአርጋዝ ምንጭ በአንድ ጀምበር አረንጓዴ ሆነ። ዘንዶው ጎርማን ከተራራው ሥር ሐሞቱን ተፍቶበት ኖሮ፣ የጠጣ ሁሉ ከንፈሩ እየጠቆረ ወደቀ። በመንግሥቱ ሌላ ምንጭ የለም። ንጉሥ ሄርማዝ ዘውዳቸውን አውልቀው በሕዝብ ፊት አለቀሱ። ንጉሥ ሲያለቅስ ማን አይቶ ያውቃል? ከተማው ክው አለ።

መድኃኒት ቀማሚዋ ኤልሳና እና ታላቅ ወንድሟ አዝሚል ግን ጥም ጉሮሮዋን የዘጋባትን እናታቸውን አይተው ተነሡ። «የዘንዶውን ሐሞት ይሽራል የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ከዋሻው ሳናመጣ እግራችን ይህን ደጅ አይርገጥ!» ብለው ማሉ። አዝሚል ከዘንዶው ጋር ሲተናነቅ፣ ኤልሳና ሁለት ዓይነት ነጭ ድንጋይ በአቁማዳ ሞልታ ወጣች፤ እሱም አምልጦ ተከተላት። የትኛው መድኃኒት እንደሆነ መቼም ዘንዶው አይነግራቸው!

በአርጋዝ ሕግ የታመመ ውሃ የሚያክም ሰው ተንበርክኮ፣ ፊቱን ወደ ውሃው ደፍቶ ያማስላል፤ ውሃው ጸጥ እስኪል ቀና አይልም። አዝሚል ምንጩ በሚፈልቅበት ዋሻ ውስጥ ተንበረከከ። ኤልሳና ችቦ ይዛ አጠገቡ ቆመች፤ አንደኛውን ድንጋይ ደቁሳ በተነችው።

«ጠፋ እኮ! ሠራ ማለት ነው?» አለ አዝሚል።

«ተራ ጨው ነው፣ ወንድምዓለም። ሟሟ እንጂ አልተለወጠም፤ ብትቀምሰው ጨውነቱ እዚያው ነው። መለወጥ ምልክት አለው።»

ሁለተኛውን በተነች። ውሃው ያለ እሳት ተንተከተከ! አረፋው እየተንጫጫ ገነፈለ። እጇን ብትነክር ለብ ብሏል። አረንጓዴው እንደ ጭቃ እየረጋ ዘቀጠ፤ ከላይ የቀረው ውሃ እየጠራ ሄደ።

«አረፋው፣ ሙቀቱ፣ ዝቃጩ! ሁሉም ምልክት ወጣ፣ አዝሚል! ሐሞቱ ሌላ ነገር ሆኗል! አማስል!»

«ለእናቴ ስል ተራራውንም አማስላለሁ!» አለ እየሳቀ።

እሷ ቆማ በተነች፤ እሱ ተንበርክኮ አማሰለ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ደከመው ብላ ልታየው ችቦውን ዝቅ አደረገች። ጉልበቷ ዘንድ ሲደርስ፣ ማንም እፍ ሳይለው ችቦው ጠፋ።

አረፋው ሲፈነዳ በውስጡ ያለው አየር የት ይሄዳል ብላ አልጠየቀችም ነበር። አየሩ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ወርዶ ወለሉን ሞልቶት ነበር፤ የችቦዋን እሳት ያጠፋው አየር የወንድሟንም እስትንፋስ ቀድሞ አጥፍቷል። ትንፋሿን ይዛ፣ በብብቱ ወደ ደጅ ጎተተችው። ገላው ገና ይሞቃል፤ ደረቱ ግን አይንቀሳቀስም።

«ምነው ቀና ባልክ! ምነው ሕጉን በጣስክ!» እያለች ጮኸች። የሰማት የለም። ንጹሑ ውሃ በቦዩ ወርዶ ከተማው በእልልታ ይናወጥ ነበር።

አስከሬኑን በዋሻው ደጅ በኩታዋ ሸፍናው፣ በቅል ውሃ ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። እናቷ እየተንገበገበች ጠጣች፤ ዓይኗም ተገለጠ።

«ተባረኪ፣ ልጄ፤ እንዴት ይጣፍጣል! ወንድምሽስ? እሱም ጠምቶታል፤ ስጪው እንጂ።»

ኤልሳና ቅሉን ተቀብላ ለእናቷ ደግማ ቀዳችላት።