የመሰላሉ ቤት ዳቦ

የሚነደው ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላ... የላዲና ፀጉር ላይ ያለው በረዶ አልቀለጠም!!!

አልቀለጠም እያልኳችሁ ነው።

ደግሞ ውጪ በረዶ አልጣለም።

እሺ፣ እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ። "ፈጠራ ነው" የምትሉ ግን ከአሁኑ ውጡልኝ። እናቴን! ዛሬ የሆነ ነው። ዛሬ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ተራራ ላይ ባለችው ቫልዱራ፣ የከተማው ዳቦ ቤት ውስጥ።

እኛ ጋ ጥቁሩ ዳቦ የሚጋገረው በዓመት ሁለቴ ነው። የጋራው ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ ሁሉም ቤት ተራ በተራ ጋግሮ እስኪጨርስ አይጠፋም። ዳቦው ሁሉ ስለሚመሳሰል ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ሊጡ ላይ የራሱን የእንጨት ማህተም ይመታል። የኛ ኮከብ ነው። የጎረቤቶቻችን የፍየል ቀንድ ነው (ፀባያቸውም እንደዛው ነው፣ ሃሃ)።

የሌላ ቤት ማህተም ያለበትን ዳቦ ማንም አይነካም። እዚህ ከተማ የሰው ፍቅረኛ ይቀማሉ፣ የሰው ዳቦ አይቀሙም።

ዛሬ የኛ ተራ ነበር። እማዬና አባዬ አይብ ሊሸጡ ቁልቁል ሸለቆው ወርደዋል፣ ነገ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ያቦካነው እኔና ላዲና ነን። ላዲና የአጎቴ ልጅ ናት። እኛ ቤት ነው ያደገችው፣ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ስትተኛ እንኳን ታወራለች።

"ሴሪ! ነይ እይው ምን እንዳገኘሁ!"

ከእንጨት ክምሩ ጀርባ እጇን ሰዳ የሆነ ነገር አወጣች። ማህተም። በጭስ የጠቆረ፣ አሮጌ። ላዩ ላይ መሰላል ተቀርጾበታል።

"የማን ነው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ። መሰላል ያለው ቤት አለ እንዴ?"

የለም። የሁሉንም ቤት ማህተም ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መሰላል የሚባል የለም።

"ውይ ሲያምር! ከኛ ኮከብ በስንት ጣዕሙ!"

ጧ! ትንሿ ሊጥ ላይ መታችው።

"አንቺ እብድ! ጋሽ ዱሪ ካዩሽ ምድጃው ውስጥ ነው የሚከቱሽ!"

"በዚህ ዓይናቸው? ባለፈው በጉን 'ላዲና' ብለው ጠርተውታል እኮ።"

በሳቅ ሞትን።

ጋሽ ዱሪ የምድጃው ጠባቂ ናቸው። እውነትም አላዩም። በረጅሙ የእንጨት አካፋ ሁሉንም እያነሱ ወደ ውስጥ ሰደዱት።

ከዛ መጠበቅ...

በኅዳር እኛ ጋ ፀሐይ ቶሎ ነው ከተራራው ጀርባ የምትገባው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላው ዳቦ ቤቱን ሸፈነው። ሽታው መጣ። የዳቦ ሽታ።

ከስሩ ግን ሌላ ሽታ አለ...

እርጥብ አፈር።

"ይሸትሻል?" አልኳት።

"ካልሲሽ ነው" አለችኝ።

ጋሽ ዱሪ ዳቦውን አውጥተው መደርደሪያው ላይ ደረደሩት። ዞር ከማለታቸው ላዲና ከመሰላሉ ዳቦ ጥግ ላይ ትኩሱን ገምሳ አፏ ውስጥ ከተተችው።

"ላዲ! የማን እንደሆነ እንኳን አናውቅም!"

"እኔ ነኝ ያቦካሁት!" አፏ ሙሉ ነው።

ጋሽ ዱሪ ተመልሰው መጡ። ዳቦው መብሰሉን የሚያውቁት ገልብጠው ሆዱን በጣታቸው በማንኳኳት ነው። አንዱን አነሱ። ኳ ኳ። አስቀመጡት። ሁለተኛውን አነሱ። ኳ ኳ። አስቀመጡት።

ትንሿን አነሱ።

ኳ ኳ።

...ኳ ኳ።

እሳቸው ሁለተኛ አላንኳኩም።

ከውስጥ ነው የተመለሰው።

ዳቦውን ቀስ ብለው ገለበጡት። ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው መሰላሉን አዩት። ከዛ የተገመሰውን ጥግ አዩ።

"ማን ነው የበላው?"

በሹክሹክታ። ጋሽ ዱሪ እኮ አንሾካሹከው አያውቁም! ሲጠሯችሁ ድምፃቸው ሦስት ተራራ ማዶ የሚሰማ ሰው ናቸው።

"እኔ..." አለች ላዲና። "ምነው? ትንሽ እኮ ነው።"

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

"እዚያ የፍየሎቹ መስክ ላይ... ቤት ነበር። የመሰላሉ ቤት። በአያቶቼ ጊዜ፣ ልክ በመጋገሪያው ሳምንት፣ የበረዶ ናዳ ወርዶ ዋጠው።"

"ሁሉም ሞቱ?" አልኳቸው።

"ወዲያው አልሞቱም።"

ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ከስር ያንኳኩ ነበር። ከተማው በሙሉ ሰምቷል።"

"ታዲያ አልቆፈሩም?"

"ምድጃው ሞልቶ ነበር፣ ልጄ። ብርዱ ክፉ፣ እህሉ ትንሽ። ትተነው ከሄድን ያርርብናል፣ መጀመሪያ ዳቦው ይውጣ አሉ።"

"ሲወጣስ?"

"ሲወጣ... ማንኳኳቱ ቆሟል።"

ከዳቦው ራቅ ብዬ ቆምኩ።

"የመሰላሉ ቤት ዳቦም እዚያው ምድጃ ውስጥ ነበር። ባለቤት የለው። ተካፍለው በሉት። ከዚያ ወዲህ ያን ማህተም ማንም ሊጥ ላይ መትቶት አያውቅም። ተቃጥሏል ብለውኝ ነበር..."

"አሁን ምን ይሆናል?"

"አላውቅም። እናቴን! አላውቅም።"

(አዎ፣ ምለው የማያውቁት ጋሽ ዱሪ "እናቴን" አሉ። ያኔ ነው በደንብ የፈራሁት።)

"ሴሪ... በረደኝ" አለች ላዲና።

ዞር ስል ፀጉሯ ላይ በረዶ አለ። ምድጃው ፊቷን አቅልቶታል፣ በረዶው ግን እንዳለ ነው። በእጄ አራገፍኩት። ትኩሱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። እዚያም ቁጭ አለ።

"ሴሪ፣ ቤቱ ለምንድነው የጠበበው?"

"የቱ ቤት?"

ግድግዳ የሚገፋት ይመስል ትከሻዋን ሰበሰበች።

ደግፌ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ቤታችን ወሰድኳት። በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት። መስኮቱ ስር ተቀመጠች፣ ዝም አለች።

ላዲና... ዝም አለች!

ከዛ ብርድ ልብሱን አውልቃ አጣጠፈችው። ጥግ ከጥግ አስተካክላ። ላዲና በሕይወቷ ጨርቅ አጣጥፋ አታውቅም፣ እኔ ነኝ የማጥፍላት።

"አመሰግናለሁ፣ ሴራይና" አለችኝ።

ሴራይና ብላ በሙሉ ስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

መስኮቱን አየሁት። በኔ በኩል ያለው መስታወት በትንፋሼ ደብዝዟል። እሷ ከኔ ይልቅ ትቀርበዋለች... በሷ በኩል ግን ጥርት ያለ ነው።

ስልኬ ጮኸ።

የላዲና ፎቶ። ያ ምላሷን ያወጣችበት።

ቀና ብዬ አየኋት። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው። ጠፍቷል።

አነሳሁት።

"...ሴሪ?"

"ላዲ?"

"ሴሪዬ ቶሎ በይ። ጨለማ ነው። አፌ ውስጥ አፈር ገብቷል።"

"የት ነሽ?!"

"አላውቅም... ከላዬ ፍየሎች ሲሄዱ ይሰማኛል።"

ተቋረጠ።

ከፊቴ ያለችው ፈገግ አለች።

"አታውሪያት። እኔ አይደለሁም።"

"አንቺስ... ማነሽ?"

"ምን ሆነሻል? ላዲ ነኛ። ገና አሁን ሞቀኝ።"

መስኮቱን በርግጄ ጮህኩ። "ጋሽ ዱሪ! መስኩ ስር ናት! ላዲና መስኩ ስር ናት!"

አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ዶማና አካፋ ይዘው በዚያ በሚያነክስ እግራቸው ሮጡ። ምድጃውን ከፍተው፣ የነገውን ተረኛ እሳት ትተው። ለእሳቱ ሲሉ የልጃቸው ሠርግ እንኳን ያልሄዱ ሰውዬ!

ልከተላቸው ተነሳሁ። እጄን ያዘችኝ።

"ሴሪ..."

አሁን ሴሪ አለችኝ።

"ሴሪዬ፣ እሷን ካወጧት እኔ ነኝ የምገባው። ቦታው ባዶ አይሆንም። እባክሽ... እባክሽ እንዳይቆፍሩ በያቸው።"

ማልቀስ ጀመረች። ላዲና ስታለቅስ ሁልጊዜ ስቅ ይላታል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ። በዚህ ነው የምንስቅባት።

ይሄኛዋም ስቅ ይላታል።

እጇ ደግሞ ሙቅ ነው። የሰው እጅ ነው። ጥፍሯ ላይ ትናንት እኔ የቀባኋት ሐምራዊ ቀለም አለ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ይሄን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ነው፣ አንዱን ይዛዋለች። ከመስኮቱ መስኩ ይታየኛል። ጋሽ ዱሪ እስከ ወገባቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል። ፍየሎቹ ሳር ትተው ዙሪያውን ቆመዋል፣ ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ነው የሚያዩት። አንዱም አይንቀሳቀስም።

ጋሽ ዱሪ ዶማውን ጣሉ።

ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ያዙ። እየጎተቱ ነው። ወደኔ ዞረው በሌላው እጃቸው ጠሩኝ። "ነይ፣ አግዢኝ" ነው። ለብቻቸው አልቻሉም።

ከጉድጓዱ ነጭ እንፋሎት ይወጣል... እና ከስር የሚጎትታቸውም ያለ ይመስላል፣ ትከሻቸው ዝቅ ዝቅ እያለ ነው።

እጄን ጠበቅ አደረገችው። ስቅ እያላት ነው።

በናታችሁ ቶሎ ጻፉልኝ። እናንተ ብትሆኑ... የያዘቻችሁን እጅ ትለቁ ነበር? ወይስ ጋሽ ዱሪን "ይልቀቋት" ብላችሁ ትጮሁ ነበር?