ስምንት ሰዓት በማን ቆጠራ?

ደመላሽ የሞተው በገዛ ሱቁ ጓዳ፣ በገዛ በሩ መወርወሪያ ብረት ማጅራቱን ተመትቶ ነው። ሱቁ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ያለ የኮምፒውተር መጠገኛ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የካቲት፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቱ አትጠገብ ምሳውን ይዛ ስትገባ፣ የሱቁ ሠራተኛ ሄርሜላ እጇን ደም ነክቶት ሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች። አትጠገብ ሳህኑን ጥላ ወደ መናኸሪያው በር እየጮኸች ወጣች። «ገደለችብኝ! ይቺ እባብ ገደለችብኝ!» ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? ከተማው ፈርዶ ጨረሰ።

ኢንስፔክተር ሙሉካ ግን ትጠይቃለች። ከተራ ፖሊስነት ተነስታ በሃያ ስድስት ዓመት እዚህ የደረሰች፣ ፊቷ የማይፈታ የኮቸሬ ሴት ናት። ሐኪሙ «ሚስቱ ስትገባ ከሞተ ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው» አላት። ሄርሜላ በካቴና ታስራ ጥግ ቆማለች።

«ቀትር ላይ ጩኸት ተሰምቷል» አለቻት ሙሉካ። «ተጣልታችኋል አሉ።»

«የጮኸው አብሮኝ የሚሠራው እንድርያስ ነው። ጋሼ ደመላሽማ ለእኔ ወግኖ ነው ያስጮኸው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት፤ ላነሳው ሞከርኩ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በስም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄርሜላ ሊነክስ የተባለው ነፃ ሥርዓት በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ላይ የግዕዝ ፊደል የሚያስጽፍ ፕሮግራም ስትሠራ ከርማ፣ የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻውን መስመር ጻፈች። ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ሰው ጽፎ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ፣ እንዳለ አይሠራም፤ ለማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ተለውጦ፣ ማንም ሊጭነው እንዲችል ፓኬጅ ሆኖ መጠቅለል አለበት። ይኼ የእንድርያስ ሥራ ነበር። በፓኬጁ ላይ ደግሞ የሠሪው ስም ይጻፋል። ደመላሽ «የሄርሜላ ስም ይጻፍ» አለ። ባለ ዲግሪው እንድርያስ ያበደው በዚህ ነው።

ደመላሽ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ሌላ ሱቅ ነበረው። እንድርያስን ከዚያ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጠሩት፤ ወረቀት ታቅፎ መጣ።

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ማሽኑን ይጠይቁት። ኮዱን በፍላሽ ይዤ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ከስምንት እስከ አሥር ለብቻዬ ስጠቀልል ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ተሰናክሏል፣ አሥራ አንድ ጊዜ በእጄ አስተካክያለሁ። ሁሉም ከነሰዓቱ ተመዝግቧል።» ሠላሳ ገጽ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «እንግሊዝኛ ነው እንግዲህ። የሚያነብልዎት ሰው ካለ።»

«ስምንት ቁጥርን ለማየት አስተማሪ አልቀጥርም።»

እውነትም መጀመሪያው ገጽ 8:02፣ መጨረሻው 10:09 ይላል። ሙሉካ ግን ገጽ በገጽ አገላበጠችው። እንግሊዝኛው ባይገባትም ዓይን አላት። አንድ መስመር፣ ፊደሉ ሳይለወጥ፣ በየገጹ እየተመላለሰ ይመጣል።

በማግስቱ ሦስቱንም ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ባለው ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ሄርሜላ ከሰዓት በኋላ በነፍስ ግድያ ተከሳ ወህኒ ልትወርድ ነው።

«ከነፍሰ ገዳይ ጎን አልቀመጥም!» አለች አትጠገብ።

«እንግዲያው ቁሚ» አለቻትና ሙሉካ ወደ እንድርያስ ዞረች። «ይኼ ማሽን የሚቆጥረው በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?»

እንድርያስ ሳቀ። «በፈረንጅ ነዋ! ኮምፒውተር የዲላን ሰዓት የት ያውቃል?»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ተነካክቶም አያውቅም።»

ሙሉካ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት። ማሽኑን አየች፤ አሥር ይላል። «እውነትህን ነው። እንግዲህ ወረቀትህ ላይ ያለው ስምንት፣ በእኛ የጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጠዋት ኮዱ አላለቀም። በቀትር እንዳለቀ ቆመህ አይተሃል። ካልታረደ በግ ወጥ ሠራህ?»

«ሰዓቱ... ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል።»

«አሁን ተነካክቶ አያውቅም አልከኝ። በል ይቺን መስመር አንብብልኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ቆጥሬያታለሁ።»

እንድርያስ ወረቀቱን ገፋው። ሄርሜላ ከነካቴናዋ አንገቷን አስግጋ አነበበች። «‹የዚህ ፋይል ሰዓት ገና ወደፊት ነው› ይላል። ኮዱ የቀትር ሰዓት ይዟል፤ ማሽኑ ግን ገና ጠዋት መስሎት ካልደረሰ ሰዓት የመጣ አድርጎ ቆጥሮታል።»

«ማሽኑ ሲጮህብህ ነበር» አለች ሙሉካ። «በስምንት ሰዓት ደመላሽን ገድለህ በባጃጅ ተመለስክ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ተቀምጠህ፣ በስምንት የጀመርክ ለመምሰል ሰዓቱን ወደኋላ መለስከው። የእኛ የቀን ስምንት በፈረንጅ አሥራ አራት ነው፤ እሱን መጻፍ ነበረብህ። ስትቸኩል ግን ከልጅነትህ የምታውቀውን ስምንት ጻፍክ። ስትጨርስ ማሽኑን አስተካከልክ፤ ወረቀቱን ግን አላነበብክም፤ እኔም አላነብም ብለህ። ያልገደለ ሰው የማሽን ሰዓት ምን ያስነካዋል?»

«ዩኒቨርሲቲው ለመምህርነት ሲፈትነኝ፣ ፕሮግራሙ የኔ ሥራ ነው ብያቸው ነበር!» ጮኸ እንድርያስ። «ለመንኩት እኮ! ‹የአሥረኛ ክፍል ፈተና የጣላት ልጅ ታስከነዳሃለች› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ!»

«ጀርባውን ሲሰጥህ መታኸው።»

ካቴናው ከሄርሜላ እጅ ወጥቶ እንድርያስ እጅ ገባ። አትጠገብ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ልጄ... ሐዘን ነው ያናገረኝ።»

«ዲላ ሙሉ ነው የሰማው፣ እትዬ» አለች ሄርሜላ የእጇን ሰንበር እያሻሸች። «እዚህ ሦስት ሰው ፊት የሚሉኝን አልሰማሁም። መናኸሪያው በር ላይ ቆመው፣ ጮኸው፣ ‹አልገደለችም› ይበሉ።»

«እሺ፣ ነገ...»

«አሁን።»

አትጠገብ ሙሉካን አየቻት። ሙሉካ ተነስታ በሩን ከፈተችላት።