የአዝማች ጎርፉ መዳፍ

ሰማዩ በቀን ሁለት ጊዜ ሐምራዊ በሚሆንበት፣ በቅሎ አፍ አውጥታ በምትናገርበት፣ ነገር ግን አንዲትም በቅሎ ደግ ነገር ተናግራ በማታውቅበት በዘርማኔ መንግሥት፣ አዝማች ጎርፉ የሚባሉ ጀግና ነበሩ። ስንት ንጉሥ ከነዙፋኑ ያቃጠለውን ነበልባሎ የተባለውን ዘንዶ እኚህ ሰው በአንድ ጦር ልቡን ወግተው ጣሉት። ዘንዶው ሞተ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም የማወራው አላገኝም ነበር።

አዝማች ጎርፉ ግን ሥዕል አማራቸው። «አንድ እግሬን ሆዱ ላይ፣ ቀኝ እጄን ወደ አፉ! እንዲህ አድርገህ ሳለኝ!» ብለው ሠዓሊውን አዘዙ። ሠዓሊው ቀለሙን ሲበጠብጥ እሳቸው የበለጠ ግርማ እንዲኖራቸው እግራቸውን ጫን አደረጉት። ወይ ጉድ! ለካ የሞተ ዘንዶ ሆድ ውስጥ አንድ ግሳት ይቀራል። ግሳቱ ከነእሳቱ ወጣና የአዝማቹን ቀኝ እጅ ከመዳፍ እስከ ክርን ለበለበው። በሕይወት ሳለ ጫፋቸውን ያልነካቸው ዘንዶ ሞቶ አቃጠላቸው።

ከዚያ የባሰው መከራ በጠያቂዎች እጅ መጣ። በዘርማኔ የተቃጠለ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ጠያቂ ሁሉ ከቤቱ አንድ ነገር ይዞ ይመጣና በገዛ እጁ ቁስሉ ላይ ይቀባል። ያልቀባ «ሞቱን ይመኝለታል» ይባላል። ስለዚህ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ማር፣ አንዷ የእንቁላል አስኳል፣ ሌላዋ አመድ በተልባ ለውሳ፣ በሽተኛውን ለሠርግ የሚሰናዳ ምግብ አስመሰሉት። የቀረው በርበሬ ብቻ ነበር። እሱንም አንድ የሩቅ ዘመድ በቁና ይዞ ሲመጣ ትርንጎ ከደጅ መለሰችው።

ትርንጎ የአዝማቹ አንድ ልጅ ናት። ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተችባት፣ ያ የተቃጠለው እጅ ነበር ፀጉሯን ሹሩባ እየሠራ ያሳደጋት፣ ጦር መወርወርም ያስተማራት። በዘርማኔ አደባባይ ላይ የጀግኖች ዓለት የሚባል ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ስሟ እዚያ ላይ ተቀርጾ ማየት የልጅነት ሕልሟ ነው። አሁን ግን ዓለቱም ጦሩም ከልቧ ወጥተዋል። አባቷ ትኩሳት ይዟቸው ይቃዣሉ፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል፤ ጣቶቹም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ነው።

የአገሩ ትንቢተኛ ተጠራና ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ፦ «የጎርፉ መዳፍ የሚከፈተው በነጭ ገደል ሀብት ነው። ሀብቱ ግን በጆንያ አይጫንም፤ በእጅም አይያዝም። ዋጋውም የሚያንገበግብ ነው!»

ትርንጎ ከወገቧ ሰይፏን መዝዛ ወደ ሰማይ አነሳች። «በሐምራዊው ሰማይ፣ በእናቴ አፅም፣ በነበልባሎ ቀንድ እምላለሁ! ተራራ ቢጋረጥ እደረምሰዋለሁ፣ አውሬ ቢመጣ እጥለዋለሁ፤ የነጭ ገደልን ሀብት ሳልይዝ ወደዚህ ቤት አልመለስም!»

«ስንቅ ሳትይዢ ነው እንዴ?» አለች በቅሎዋ ልዝቤ።

እንዲህ ሆነና ተነሱ። አዝማቹ በቃሬዛ ላይ ተኝተው፣ ቃሬዛው በልዝቤና በሌላ በቅሎ መካከል ተጠፍሮ፣ ትርንጎ ከፊት፣ አጎቷ ቸኮል ከኋላ። ጋሽ ቸኮል የአዝማቹ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ልበ ደግ፣ ሆደ ባሻ፣ አንድ ትልቅ የቅቤ ቅል ከጉያቸው የማይለይ ሰው ናቸው። በየማረፊያው «ለወንድም ጋሼ ትንሽ ላርጥበው» እያሉ ይቀባሉ።

በጥላ ጫካ ሲደርሱ ጉዳቸው ፈላ። የዚያ ጫካ ጅቦች አካላቸው ጥላ፣ ጥርሳቸው ግን እውነተኛ ነው። መንገደኛ አይነኩም ይባላል። ታዲያ ቅቤና ማርና አስኳል የተለቀለቀ ሰው በቃሬዛ ሲመጣላቸው ጅብ ምን ያድርግ? ድግስ መጣልን ብለው ከበቧቸው። ትርንጎ ሰይፏን ብትሰነዝር ጥላ መታች፤ ብትወጋም ጥላ ወጋች። ልዝቤ «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የምበላ የማልመስል?» ብላ ተቀየመች። በመጨረሻ ጋሽ ቸኮል ዕንባቸው እየወረደ ያን የሚወዱትን ቅል ወደ ገደል ወረወሩት። ጅቦቹ እየተራገጡ ተከትለውት ገቡ። በዚህ ዓይነት ቅቤው ለመጀመሪያ ጊዜ አዝማቹን ጠቀማቸው።

ነጭ ገደል በር ላይ አንድ ሽማግሌ በረኛ ተቀምጧል። ትርንጎ ከእሱ አልፋ፣ ጋሻዋን አንግታ፣ በመንገድ ሁሉ ስታጠናው የመጣችውን ንግግር ጀመረች። «እኔ ትርንጎ የጎርፉ ልጅ፣ የዘንዶ ገዳይ ዘር፣ የነጭ ገደልን ሀብት ልወስድ መጥቻለሁ! የሚጠብቀው አውሬ ማነው? ይውጣና ይግጠመኝ!»

ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች አጭር ሴትዮ ከውስጥ ብቅ አለች። በገደሉ ውስጥ ቁስለኛ የሚያክሙት የጠጋኞች አለቃ ናት፤ እመት ዳምጤ ይሏታል።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አለቻት።

«እኔ... የጎርፉ ልጅ...»

«ሰማሁ። እጅሽን።»

ትርንጎ ታጠበች። እመት ዳምጤ የጥፍሮቿን ውስጥ አየችና «ድገሚ» አለቻት። ደገመች። ጋሽ ቸኮልም ታጠቡ፤ ከእጃቸው የወጣው ቅቤ ግን ወጥ ይሠራ ነበር።

ጠጋኞቹ አዝማቹን ተቀብለው ያን ሁሉ ቅብ በንጹሕ ውሃ አጠቡላቸው፤ የሞተውን ቆዳ አነሱ፤ ለትኩሳቱም ለሕመሙም መድኃኒት ሰጡ፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት። ዘንዶ ፊት ያልጮኹት ሰው እዚያ ገደል ውስጥ እስኪያስተጋባ ጮኹ። ትኩሳቱ ግን ወረደ፤ ውሎ አድሮም ቁስሉ አዲስ ስስ ቆዳ ለበሰ።

ትርንጎ ደስታዋ ወሰን አጣ። «እመት፣ እንግዲህ ሀብቱን ስጪንና እንሂድ» አለች።

«የትኛውን ሀብት?»

«መድኃኒቱን ነዋ! ቅቡን፣ ድንጋዩን፣ የሚያበራውን ነገር!»

«የሚያበራ ነገር የለንም» አለች እመት ዳምጤ። «የእኛ ሥራ ግማሹ ነው፤ ግማሹ እናንተ ቤት ይጠብቃችኋል። አዲስ ቆዳ ይሸበሸባል፤ ጣቶቹን እየጎተተ ያጥፋቸዋል። ቤት ሆኖ የሚይዘው ሰው ካልተማረ በሽተኛ ከዚህ በር አይወጣም። ነይ፤ ጋሻሽን እዚያ አስቀምጪና እዚህ ቁጭ በይ።»

ዘንዶ ልትገጥም የመጣች ልጅ ጨርቅ መቀቀል ተማረች። ስትማርም ልቧ እርር ይላል። ቁስል ከመንካት በፊት መታጠብ፤ ጨርቁ ከተጣበቀ አርጥቦ ማላቀቅ እንጂ አለመመንጨቅ፤ ሲበላው እንዳያክከው ከላይ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ፤ አዲሱን ቆዳ ከፀሐይ መሸፈን። ትኩሳት ከተመለሰ፣ ቁስሉ ከሸተተ ወይም መቅላቱ ከተስፋፋ ያለ ቀጠሮ ይዞ መምጣት። ጋሽ ቸኮል ምስር ይብላ፣ ሥጋ ይብላ፣ እንቁላል አብዙለት ሲባሉ ፊታቸው በራ። «እኔም እኮ እንቁላል ብዬ ነበር!»

«በአፉ» አለቻቸው እመት ዳምጤ።

ደግሞም አስተማረቻቸው፦ «በእንቅልፍ ልቡ ዘንዶ እያየ ይጮኻል። 'አንተ ጀግና አይደለህም ወይ' እንዳትሉት። አጠገቡ ተቀመጡ።»

ይህን ሁሉ ትርንጎ ቻለችው። ያቃታት አንድ ነገር ነበር። የሕመም ማስታገሻው ተሰጥቶ፣ እስኪሠራ ተጠብቆ፣ የታጠፉት ጣቶች አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፤ ጠዋትም ከሰዓትም፣ በየቀኑ። አባቷ «ልጄ፣ ተይኝ፣ በእናትሽ!» ሲሏት እጇ ከዳት። ለቀቀቻቸውና ወደ በሩ ሮጠች።

በረኛው እዚያው ተቀምጦ ውሃ ሊጠጣ ነበር። የሁለቱም እጆቹ ጣቶች መዳፋቸው ውስጥ ገብተው እንደተጨበጡ ቀርተዋል፤ ዋንጫውን በሁለቱ የእጅ አንጓዎቹ መካከል አጣብቆ ነው ወደ አፉ የሚያደርሰው።

«አንተም ተቃጥለህ ነበር?» አለችው።

«በልጅነቴ» አለ። «እናቴ ይህን ሁሉ ተምራ ነበር። ግን በጣም ትወደኝ ነበር። ስጮህ አብራኝ አለቀሰችና ተወችው።» ውሃው አገጩ ላይ ፈሰሰ፤ በትከሻው ጠረገው። «አልፈርድባትም።»

ትርንጎ ተመልሳ ገባች። እጇን ታጠበች፤ የአባቷንም ጣት ያዘች። ይህን ያየችው እመት ዳምጤ በማግስቱ በሩን ከፈተችላቸው።

ዘርማኔ ሲደርሱ ደጁ በጠያቂ ተጨናንቋል። ሁሉም ቅሉን፣ ገንቦውን፣ አመዱን ይዟል። ትርንጎ ሰይፏን መዝዛ በሩ ላይ ቆመች። «በሐምራዊው ሰማይ እምላለሁ! ያልታጠበ አይገባም! የታጠበም አይቀባም!»

«አባቷን ልትገድል ነው!» ብሎ ሰው ተንጫጫ። ያን ጊዜ ጋሽ ቸኮል የውሃ ማስታጠቢያ ይዘው ብቅ አሉና እንደ ታላቅ አዋጅ ነጋሪ ጮኹ፦ «እኔ ቸኮል፣ ከሁላችሁም በላይ የቀባሁ፣ ለወንድሜ ብዬ በጅብ የተከበብኩ፣ እነግራችኋለሁ! ቅቤያችሁን ወጥ ቤት አስገቡ! እንቁላሉም ወደዚያው! እጃችሁን ወዲህ!» ሰውም እያጉረመረመ ታጠበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቸኮል ያላስታጠቡት ሰው አልገባም፤ ጥፍርም ማየት ጀመሩ።

ጣት መዘርጋቱ ግን የየዕለት ጦርነት ነበር። አዝማች ጎርፉ ለመኑ፤ ተቆጡ፤ የሞቱ መሰሉ። «ከዘንዶው የከፋሽ አንቺ ነሽ! እሱ አንዴ ነው ያቃጠለኝ!» አሏት። አንድ ቀን ደግሞ ጠያቂ ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ ግራ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ማሉ። «በሐምራዊው ሰማይ! ይህች እጄ የተዘረጋች ቀን የመጀመሪያ ሥራዋ አንቺን በጥፊ መምታት ነው!»

 በዘርማኔ በሰማይ ምሎ ያልፈጸመ ሰው ምላሱ ይታሰራል። የንጉሡ አማት እስከ ዛሬ አይናገሩም፤ ንጉሡም ምን ምለው እንደነበር ለማጣራት አልሞከሩም።

«ይሁን» አለች ትርንጎ። «አሁን አውራ ጣትዎን።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ንጉሡ ራሳቸው መጡ። ጋሽ ቸኮል አስታጠቧቸው፤ «ይድገሙ፣ ንጉሥ ሆይ» አሏቸው፤ ደገሙ። ከዚያ ንጉሡ ትርንጎን እንዲህ አሏት፦ «የነበልባሎ ጫጩቶች ተፈልፍለዋል። ጦሬን የምትመሪ አንቺ ነሽ። ስምሽ በጀግኖች ዓለት ላይ ይቀረጻል። ዛሬውኑ ተነሺ!»

ትርንጎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጦሯን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይኸው ነበር። ቀጥሎ የአባቷን እጅ አየች፤ ሦስቱ ጣቶች ተቃንተዋል፣ ሁለቱ ገና ናቸው። 

«ንጉሥ ሆይ» አለች፤ «ከሰዓት በኋላ እጅ እንዘረጋለን።»

ንጉሡ እንዲህ ያለ እምቢታ ሰምተው ስለማያውቁ ተነስተው ሄዱ። ጦሩን ሌላ ሰው መራው። ነጋሪቱ በደጃፋቸው ሲያልፍ ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ተናደደችም፤ በዘንዶው፣ በሥዕሉ፣ በአባቷም ጭምር። ዕንባዋን ጠርጋ፣ እጇን ታጥባ ስትዞር አዝማች ጎርፉ ሳይጠየቁ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቋት ነበር። ያን ቀን ጮኹ እንጂ አልተሳደቡም።

ጦሩ ድል አድርጎ ተመለሰ፤ የሌላ ሰው ስም በዓለቱ ላይ ተቀረጸ። ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈካ፣ አንድ ጠዋት ትርንጎ ትንሿን ጣት ስትዘረጋ ጣቲቱ አልታገለችም። መዳፉ እንዳለ ተዘረጋ፤ ጠባሳ የሞላበት፣ አብረቅራቂ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ግን የተከፈተ መዳፍ ሆነ።

ወሬው መሐላውንም ይዞ ዞረ። ከቀትር በፊት ደጁ በሰው ሞላ። ጋሽ ቸኮል ወንድማቸው እግር ላይ ወደቁ። «ወንድም ጋሼ፣ በትራስ ይሁንላት! ወይም እኔን ይምቱኝ፣ ጉንጬ ሰፊ ነው!»

«መሐላ መሐላ ነው» አሉ አዝማች ጎርፉ። «ትርንጎ፣ ቅረቢ።»

ቀረበች። ጥርሷን ነክሳ ቆመች። አዝማቹ ያን እጅ ከትከሻቸው በላይ አነሱት፤ ሰዉ ዓይኑን ጨፈነ። እጁም መጣ። ቀስ ብሎ መጥቶ ጉንጯ ላይ አረፈ። አምስቱም ጣቶች ነበሩበት። ሻካራ ነበር፤ ይሞቅም ነበር፤ አልተነሳምም።

«መታሁሽ» አሉ አዝማች ጎርፉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «አመመሽ?»

«በጣም» አለች ትርንጎ፤ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«በይ ዙሪ» አሏት ዕንባቸውን እየዋጡ። ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀመጠች፤ እሳቸውም እንደ ድሮው ፀጉሯን ይሠሩላት ጀመር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈጀባቸው። አንደኛው ሹሩባ ወፈረ፣ ሌላው ቀጠነ፣ ሦስተኛው ወደ ጆሮዋ ሄደ።

በማግስቱ በአደባባይ ስታልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ልዝቤ ግን እስኪያልፉ እንኳ አልታገሠችም።

«ፀጉርሽ ተንጋዷል» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ትርንጎ፤ ሹሩባውም በራሱ ጊዜ እስኪፈታ ድረስ ማንንም አላስነካችም።