ሦስተኛውን ስጠብቅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ነበርሁ፣ ሌላው ሲያማትብ «ጭጋግ ነው እኮ» የምል፣ እና አሁን ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ብቻ ሰምታችሁኝ ሳቁ።

ከታላቅ ወንድሜ ከሀብታሙ ጋር ደባርቅ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው፣ ከጃናሞራ ለትምህርት ያመጣኝ እሱ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ኮምፒውተር ስለተማረ ላፕቶፑ ላይ ጌም ሠርቶ ነበር፣ አጭር፣ የሚያስፈራ፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው። ክፍሉ የኛው ነው፣ አልጋው፣ የስንቃችን ጆንያ፣ ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ጃኬቱ ሳይቀር። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መውጫውን ማግኘት ነው። ትንሽ ቆይቶ በሩ ሁለቴ ይንኳኳል፣ ስፒከሩ ስለተበላሸ ድምፅ የለውም፣ በሩ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ይታያል። ሁሌ እዚያ ላይ እሸነፋለሁ።

«ለምን አትከፍትም፣ አንተ ኩታራ?»

«ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነዋ፣ ጋሼ!»

«እማዬ እኮ አበላሽታሃለች» ብሎ ይስቃል።

እናታችን ናት፣ በጨለማ የሚጣራው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሦስተኛው ላይ ነው አቤት የሚባለው፣ እያለች ያሳደገችን።

አንድ ቀን ሳይነጋ፣ ጋሼ ለሥራ ሊማሊሞን ሊወርድ ወጣ፣ በሩን ከኋላው ቀርቅሬ ተመልሼ ተኛሁ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፣ ሁለቴ። ነቅቻለሁ፣ እመኑኝ ነቅቻለሁ፣ ግን ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ሲነጋ ጃኬቱ ምስማሩ ላይ ነበር። የተሳፈረበት መኪና መገልበጡን ረፋድ ላይ ሰማን። ብከፍትለት ኖሮ... ትንሽ ይዘገይ ነበር፣ መኪናው ያመልጠው ነበር። ይህን ለእናቴም አልነገርኋትም።

የአርባው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖታል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ላፕቶፑ ግን ትንሽ ባትሪ ነበረው። ጌሙን ከፈትሁት፣ ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም፣ እጁ የሠራውን ለማየት ነው። በሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛውን አልጠበቅሁም፣ መቀርቀሪያውን ተጫንሁት። ተከፈተ። ደጁ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ጽሑፍ መጣ፤ «ጃኬቴን አቀብለኝና ተመልሰህ ተኛ፣ ብርድ ነው።»

ይህን የጻፈው መቼ ነው? ጌሙን የጨረሰው እኮ ከዚያ ቀን በፊት ነው። ደጋግሜ አነበብሁት፣ ባትሪው አልቆ እስኪጠፋ።

ያኔ አከራያችን እትዬ ዝማም ከግድግዳው ማዶ ጮኹብኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ማነው ሁለቴ አንኳኩቶ የሄደው? ሰው ደጅ ላይ ይቆማል እንዴ በዚህ ብርድ?»

ተነሥቼ የራሳችንን በር ከፈትሁ። ማንም የለም። ስመለስ ጃኬቱን ነካሁት፣ ትከሻው እርጥብ ነበር፣ ጣሪያችን ደግሞ አያፈስም።

መብራት ሲመጣ ጌሙን እንደገና ከፈትሁት፣ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፣ የሚያንኳኳ የለም፣ ከዚያ ወዲህም አልተንኳኳም። እኔም አሁን በሬን ሳልቀረቅር ነው የምተኛው፣ እትዬ ዝማም ይቆጡኛል። ጃኬቱን በሩ አጠገብ ወዳለው ምስማር አዛውሬዋለሁ፣ በጨለማ እንዳይፈልገው።