ቦዩን የዘጋው እጅ

ሼህ ሚስባህ አርብ ከቀትር በኋላ ሞተው ተገኙ።

አስከሬናቸው ከመርሳ ከተማ በላይ፣ ከድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫው አጥር ሥር በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ዳር ተደፍቷል። ራሳቸው ከኋላ ተሰንጥቋል። አጠገባቸው ደም የነካው የክርስቲያኑ ገበሬ የሀብቴ አካፋ ወድቋል።

ሼሁ የውሃ አባት ነበሩ፤ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉ። ሐሙስ ዕለት ሀብቴ «ተራዬን ነጠቁኝ» ብሎ ገበያ መሀል ጮሆባቸዋል። ምን ቀረ? ሚሊሻው ሀብቴን ወስዶ መርሳ ፖሊስ ጣቢያ አሳሰረው።

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ከወልድያ ስትደርስ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ቆሟል። ሙስሊሙ ወዲያ፣ ክርስቲያኑ ወዲህ። በሠርግም በለቅሶም ተለያይቶ የማያውቅ ሰው! ፈራች። ነገ ሀብቴ ፍርድ ቤት ከቀረበ ጠቡ የሁለት ሰው መሆኑ ያበቃል።

አስከሬኑን ያገኘው የሼሁ አማች ዓሪፍ ነው። የማመንጫው የአመድ ኩሬ ጥበቃ ነው።

«ምን ሰማህ?»

«ጭቅጭቅ። ሀብቴ ‹ተራዬን› እያለ ይጮሃል። ስወጣ ወድቀዋል።»

«ሲመታቸው አየህ?»

«አላየሁም።»

ፍሬሕይወት የሼሁን እጅ ገልጣ አየች። ለጁምዓ ሶላት ታጥበው ዉዱእ አድርገዋል፤ ጥፍራቸው ሥር እንኳ እድፍ የለም።

ቦዩን ተከትላ ወረደች። ማመንጫው ሲተከል መብራት ይመጣል ተብሎ ነበር። መብራቱ በሽቦ ላይ አልፎ ሄደ፤ አመዱ ለሀብሩ ወረዳ ቀረ። የማንጎው ቅጠል ግራጫ ለብሷል፤ ሕፃናቱ ያስላሉ።

አርባ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ የቦዩ አፍ ተዘግቷል። ከበላዩ ጥቁር ዝቃጭ ታቁሮ ወደ ሸለቆው ይፈሳል። ከበታቹ ያለው ውሃ ግን ንጹሕ ነው።

መርሳ ጣቢያ ገብታ ሀብቴን አስጠራች።

«አካፋህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ሁልጊዜም እዚያው ነው እማሳድረው። ማን ይሰርቀኛል ብዬ?»

«ቦዩን ዘግተሃል?»

«ኸረ አልዘጋሁም! ተዘግቷል እንዴ?»

«ሣር ባለው ጓል። ሣሩ ወደ ታች ተገልብጦ፣ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበታል።»

«እሱማ የሼሁ አዘጋግ ነው። እኛ አፈር ቆልለን ነው እምንዘጋ፤ ውሃው ይሸረሽርብናል። ይስቁብን ነበር።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ብጣላቸውም አባቴ ነበሩ።»

«ማንን አስተምረዋል?»



«ዓሪፍን። ‹ተተኪዬ ነው› ይሉ ነበር።»

ዓሪፍ ለቅሶ ቤት ከሚስቱ ከኢብቲሳም ጋር ተቀምጧል። ሟቹ አባቷ ናቸው። ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ የሚባለው ለእንዲህ ያለችው ነው።

ፍሬሕይወት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጥቁሩ ውሃ ሲወርድ ቦዩን የዘጋ ሰው አለ። የሼሁን እጅ ጭቃ አልነካውም። እሳቸው ካልዘጉት፣ እንደሳቸው የሚዘጋው አንተ ብቻ ነህ። ለምን አልነገርከኝም?»

ዓሪፍ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«አለቃዬ ደወለልኝ። ‹ኩሬው ሞልቷል፤ አሁን እስላሙ መስጊድ፣ ክርስቲያኑ ምሳ ላይ ነው፤ ልቀቀው› አለኝ። ለቀቅሁት። ሼሁ መንገድ ላይ ሸቷቸው ተመለሱ። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀዱና ‹ወረዳ ወስጄ አሳያለሁ› አሉ። ሥራዬ አለቀለት ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ጀርባቸውን ሲሰጡኝ…»

«በአካፋው መታሃቸው።»

«አዎ። ሃይላንዱንም ጣልኩት።»

ኢብቲሳም ቀና አለች።

«ወዲያው ሞቱ?»

«ይተነፍሱ ነበር። ‹ውሃውን ዝጋው፣ ልጆቹ ይጠጡታል› አሉኝ። ሮጬ ሄድኩ። ጓሉን ገለበጥኩ፤ ድንጋዩን ጫንኩ። እንዳስተማሩኝ ነው የዘጋሁት። ስመለስ አልፈዋል።»

ፍሬሕይወት ስልኩን ተቀብላ የደወለውን ሰው ቁጥር መዘገበች። ሀብቴ እንዲፈታ ወደ ጣቢያው ደወለች። ከበር ውጭ ወሬው ተዳረሰ፤ የሰው ጉምጉምታ ተሰማ። የዓሪፍ እጅ ካቴና ገባ።

«ውሃውን አድኛለሁ» አላት ለሚስቱ፤ አንድ ቃል እንድትሰጠው እየለመነ።

ኢብቲሳም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ውሃውን የለቀቅኸው አንተ፤ የዘጋኸው አንተ። አባቴ መሀል ላይ ብቻቸውን ሞቱ።»